ፋብሪካው ስሎ የመለሰው ቢላዋ፤ የጥገና ማስታወሻ

ነሐሴ 3

ፍልሰታ ስለገባ የሥጋ ቢላዎቹ ሥራ ፈትተዋል። ለመላክ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ሦስት ናቸው፤ ስለቱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነው ትልቁ የወጥ ቤት ቢላዋ፣ ሥጋን ከአጥንት የምንለይበት ቀጭኑ ቢላዋ፣ እና ትንሿ የአትክልት መላጫ ቢላዋ። ሦስቱም የአንድ አምራች ሥራ ናቸው። አምራቹ በዋስትና ወረቀቱ ላይ ቢላዋው እስካለ ድረስ ያለ ክፍያ እንደሚስል ቃል ገብቷል፤ ባለቤቱ የሚከፍለው የፖስታውን ብቻ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ቢላዋ የሚስል ሰው አይጠፋም። ሆኖም ብረቱን የሠራው ክፍል ራሱ ቢስለው ቅርጹንም ጥንካሬውንም ያውቃል፤ ዋስትናውም አብሮ ተሽጦልኛል።

የትልቁ ቢላዋ ብረት በጀርመን ቢላዎች የተለመደው የማይዝግ ዓይነት ነው። ከመቶ ግማሽ ያህል ካርቦን፣ 15 ያህል ክሮሚየም፣ ጥቂት ሞሊብዲነምና ቫናዲየም አለው። ጥንካሬው በሮክዌል መለኪያ 56 አካባቢ ነው። ከጃፓኖቹ ጋር ሲነጻጸር ለስላሳ ነው፤ ስለቱ ቶሎ ይዞራል እንጂ በቀላሉ አይሸረፍም። ብዙ ሽንኩርት ለሚከተፍበትና አልፎ አልፎ የዶሮ መገጣጠሚያ ለሚነካበት ቤት ይህ ጥሩ ጠባይ ነው።

ከማሸጌ በፊት የትልቁን ቢላዋ ቅርጽ ወረቀት ላይ አስተኝቼ በእርሳስ ነደፍኩ። የጠረጠርኩት ነገር ኖሮ አይደለም፤ ከስስ ጣውላ ሰገባ ልሠራለት አስቤ ነው። ልኩንም በካሊፐር ያዝኩ። ከአንገቱ ፊት ለፊት፣ ከጀርባው እስከ ስለቱ 45 ሚሊ ሜትር። ጀርባው ላይ ውፍረቱ 2.4፤ ወደ ስለቱ ተጠግቶ፣ ከጠርዙ 1 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ሲለካ 0.4። አንገት የምለው በእጀታውና በስለቱ መካከል ያለውን ወፍራም ብረት ነው። በዚህ ቢላዋ ላይ አንገቱ ከጀርባ እስከ ታች ድረስ ይወርዳል። ይህን ልብ በሉ፤ መዘዙ ከዚያ ይመጣል።

ነሐሴ 18

ጥቅሉ ዛሬ ደረሰ። አስተሻሸጉ የሚያስመሰግን ነው፤ እያንዳንዱ ቢላዋ በካርቶን ተጠቅልሏል፣ ሥራው በባለሙያ እጅ ተሠርቶ እንደተፈተሸ የሚናገር ካርድም አብሮ መጥቷል። ሦስቱም ጋዜጣ ወረቀት ይቆርጣሉ። ትልቁ ግን ወደ አንገቱ ሲጠጋ ወረቀቱን ያዝ አድርጎ ይቀድዳል።

ቢላዋውን መክተፊያው ላይ አቁሜ በመስኮቱ አንጻር አየሁት። ከአንገቱ ቀጥሎ ባለው ክፍል በስለቱና በእንጨቱ መካከል ብርሃን ያልፋል። የማተሚያ ወረቀት እየደረብኩ አስገባሁ፤ ስምንት ወረቀት ገባ። አንዱ ወረቀት 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ክፍተቱ ወደ 0.8 ይጠጋል። የእርሳሱ ንድፍ ላይ ሳስተኛው ደግሞ ስለቱ ከመስመሩ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ካሊፐሩ 43.6 አለ። አምራቹ በአንድ ስለት 1.4 ሚሊ ሜትር ብረት በልቷል ማለት ነው።

ምክንያቱ ለማንም ብረት ለሠራ ሰው ግልጽ ነው። ቢላዋው የተሳለው በሚሽከረከር የብርጭቆ ወረቀት ቀበቶ ላይ ነው፤ በጎኑ ላይ የቀሩት ረጃጅም ጭረቶች ይመሰክራሉ። ቀበቶው ስሱን ስለት በቀላሉ ይበላዋል፣ ወፍራሙን አንገት ግን አይደፍረውም። ስለዚህ ስለቱ ወደ ላይ ይሸሻል፣ አንገቱ በነበረበት ይቀራል። ቢላዋው መክተፊያ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ የሚነካው አንገቱ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ስለት አየር ላይ ይንጠለጠላል።

ጫፉም ተጎድቷል። ሹል የነበረው አሁን ክብ ነው። ቀበቶው ላይ ቢላዋውን እየጎተቱ ሲያስወጡት ጫፉ በመጨረሻዋ ቅጽበት ከቀበቶው ጠርዝ ዞሮ ይወርዳል፤ እዚያ ላይ ያልተጠነቀቀ ሰው ጫፉን ያዶለዱመዋል።

የመላጫዋ ቢላዋ ግን ያለ ነቀፋ ተስላለች። አንገት የላትም፣ አጭር ናት፣ ቀጥ ያለች ናት። አጥንት መለያውም ደህና ነው ማለት ይቻላል።

ነሐሴ 19

የጾሙን መፍቻ ዶሮ ዛሬ ደግመን ልንሠራ ስለሆነ ሽንኩርቱን የምትከትፈው ታላቅ እህቴ ቢላዋውን ተቀበለችኝ። ጥቂት ከከተፈች በኋላ ጠራችኝ። ከመክተፊያው ላይ አንዱን ቁራሽ ስታነሣ የቀሩት ተያይዘው ተነሡ።

«ይኼ ሽንኩርት ተቆርጧል ወይስ ተሰፍቷል?»

«እትዬ፣ ፋብሪካ ደርሶ የመጣ ነው እኮ።»

«እንግዲያው ፋብሪካው ይክተፍልኝ።»

ክፍተቱ ያለበት ቦታ ሽንኩርቱን እስከ መጨረሻው ስለማይነካው እያንዳንዱ ቁራሽ ከጎረቤቱ ጋር በስስ ልጣጭ ተያይዞ ይቀራል። ለዶሮ ወጥ እጅግ ደቅቆ መከተፍ ያለበት ሽንኩርት በዚህ አኳኋን አይሆንም። እህቴ ቢላዋውን አስቀምጣ የራሷን የድሮ ቢላዋ አወጣች።

የባሰው ቀጥሎ መጣ። ትናንት ጋዜጣ የቆረጠው ስለት ሽንኩርቱ ሳያልቅ የቲማቲም ልጣጭ መብሳት አቃተው። ማታ በአጉሊ መነጽር አየሁት። ብረት በአንድ በኩል ሲሞረድ በሌላው በኩል ቀጭን የብረት ክር ይወጣል፤ ጥሩ አድርጎ የሚስል ሰው ያንን ክር በመጨረሻ ያስወግደዋል። እዚህ ላይ ክሩ በግራ በኩል በሙሉ ርዝመቱ ቆሞ ቀርቶ ነበር፤ አሁን ደግሞ ተጣጥፎ ስለቱ ላይ ተኝቷል። ለማረጋገጥ የጆሮ መጥረጊያ ጥጥ ከጀርባው ወደ ስለቱ አቅጣጫ በቀስታ ጎተትኩ፤ ጥጡ በየቦታው እየተያዘ ፀጉሩን ትቶ አለፈ።

ይህ ክር አታላይ ነው። እጅግ ስስ ስለሆነ ወረቀትን ከእውነተኛ ስለት ባላነሰ ይቆርጣል፣ የክንድ ፀጉርም ይላጫል። ድጋፍ ስለሌለው ግን እንጨት እንደነካ ይታጠፋል። ቢላዋን ከማሽኑ እንዳወረዱ በወረቀት ብቻ የሚፈትሽ ፋብሪካ ክሩን ስለት ብሎ ያሳልፈዋል፤ ጉዳዩ የሚታወቀው ገዢው ቤት ነው።

ነሐሴ 20

ማዕዘኑን ለካሁ። መሣሪያው ቀላል ነው፤ ሌዘር መብራት፣ የካርቶን ሣጥንና የተማሪ ማዕዘን መለኪያ። ጨረሩ በቢላዋው ገጽ አቅጣጫ ሄዶ ስለቱን ፊት ለፊት ሲመታ ከሁለቱም ጎን ይንጸባረቃል፤ ከቀጥታ መንገዱ የሚወጣውም የጎኑን ማዕዘን እጥፍ ያህል ነው። ለሁለት ማካፈል ብቻ ይቀራል።

በቀኝ 19 ዲግሪ፣ በግራ 26። አለመመጣጠኑ ብቻ ቢሆን ግድ የለኝም፤ ለዚህ ብረት በየጎኑ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ተስማሚ ነው፣ 26 ግን ለመጥረቢያ የሚቀርብ ነው። የግራው ነጸብራቅም አንድ ነጥብ ላይ አልተሰበሰበም፤ የተዘረጋ ብርሃን ሆኖ ታየ። የሳለው ሰው እጅ እየተወዛወዘ ነበር ማለት ነው።

ብረቱ በግለት ተጎድቶ እንደሆነም ፈትሼ ነበር። ቀለሙ አልተለወጠም። ነገር ግን ደረቅ ቀበቶ ላይ የስለቱ የመጨረሻ ጠርዝ በቅጽበት ሞቆ በቅጽበት ይቀዘቅዛል፤ ቀለም ሳያሳይ ሊለሰልስ ይችላል። ማወቂያው አንድ ነው። የላይኛውን ብረት በውኃ በሚርስ መሳያ ድንጋይ አስወግዶ፣ ከሥሩ የሚወጣው ስለት የበለጠ ይቆይ እንደሆነ ማየት።

ነሐሴ 21

አምራቹ ዘንድ ደወልኩ። ስልኩን ያነሣችው ሴት ትሑት ናት፤ በእሷ ላይ ቅሬታ የለኝም። ልኮቹን ነገርኳት፣ ፎቶዎቹንም ላክሁላት። ጥቂት አስጠብቃ ተመለሰች።

«የስለት ክፍሉ ቢላዋው ደረጃውን አሟልቶ እንደወጣ መዝግቧል። ግን ካልረኩ መልሰው ይላኩልን፤ እንደገና እንስልልዎታለን።»

«በዚያው ማሽን?»

«በዚያው ክፍል፣ አዎ።»

አንገቱን ዝቅ ማድረግ ይችሉ እንደሆነ ጠየቅኳት። ስለት እንጂ ቅርጽ መቀየር በአገልግሎቱ ውስጥ እንደማይካተት ገለጸችልኝ። እዚህ ላይ ተናደድኩ፤ ድምፄን ግን አላነሣሁም። ቅርጹን የቀየረው ማን ሆነና ነው? ስለቱን 1.4 ሚሊ ሜትር ማሸሽ ቅርጽ መቀየር ካልሆነ፣ አንገቱን በዚያው ልክ መከተል እንዴት ሆኖ ቅርጽ መቀየር ይሆናል?

መልሼ አልልክም። በዚህ አበላል ዋስትናውን አሥር ጊዜ የተጠቀመበት ሰው 45 ሚሊ ሜትር ቁመት የነበረው ቢላዋ 31 ሆኖ ይጠብቀዋል፤ የወጥ ቤት ቢላዋ ልኮ የዓሣ ቢላዋ ይቀበላል። «ቢላዋው እስካለ ድረስ» የሚለውን ቃል የሚያሳጥረው አገልግሎቱ ራሱ ነው።

ነሐሴ 24

ሥጋ ልገዛ ከሄድኩበት የአገራችን ሰው ሱቅ ባለቤቱን አወራሁት። ዕድሜውን በሥጋ ቤት ያሳለፈ ሰው ነው፤ ቁርጥ ሲያወጣ እጁ አይቸኩልም፣ አይደግምም። ቢላዋውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። በአውራ ጣቱ ስለቱን አግድም ዳሰሰና ገለበጠው።

«ልጄ፣ ይኼ እኮ አልተሳለም፤ ተበልቷል።»

«ጋሼ፣ እርስዎ የት ያስላሉ?»

«የትም። ይኼንን የብረት ዘንግ ሥራ ላይ እያለሁ ሁለት ሦስቴ አስነካዋለሁ። ድንጋዩን ሱቁን ስዘጋ፣ ሲያስፈልገው ብቻ።»

ያሳየኝ ቢላዋ አንገት የለውም፣ የስለቱም መጨረሻ እስከ እጀታው ድረስ ነጻ ነው። ሥጋ ቆራጮች እንዲህ ያለውን የሚመርጡት ዋጋው ስለሚቀንስ ብቻ አይደለም። ሙሉ ስለቱ ድንጋይ ላይ ያርፋል፣ ለዓመታት ቢሳልም ቅርጹ አይዛባም። ያ ወፍራም አንገት በመደብር መስታወት ውስጥ ያምራል፣ ሚዛንም ይሰጣል ይላሉ፤ ለሚስል ሰው ግን እንቅፋት ነው። ብዙዎቹ አምራቾች አሁን አንገቱ ታች ድረስ የማይደርስ ቢላዋ ጎን ለጎን ማውጣታቸው ያለ ነገር አይመስለኝም።

ነሐሴ 27

ሥራው ተጀመረ። መጀመሪያ አንገቱ።

ስለቱን በወፍራም ፕላስተር ሸፈንኩት፤ ለቢላዋው ሳይሆን ለጣቶቼ። እጀታውን በጨርቅ ጠቅልዬ በሞርሳ አሰርኩ። ምን ያህል መውረድ እንዳለበት በማርከር አሰመርኩ። ሞረዱ አንገቱን ይዞታል፣ ቢሆንም በጭንቅ ነው፤ ጥቂት እንደሄድኩ ወደ አልማዝ ሰሌዳው ዞርኩ። ሰሌዳው የአልማዝ ብናኝ የተለበጠበት ጠፍጣፋ ብረት ነው፣ ቁጥሩ 140፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሻካራ ነው። ውኃ እያርከፈከፉ ወደፊትና ወደኋላ። አሰልቺ ሥራ ነው። አንገቱ ከስለቱ መስመር ትንሽ ከፍ እንዲል አደረግኩት፤ ለሚቀጥሉት ስለቶች ቦታ እንዲኖር። ማዕዘኖቹን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፤ ያለዚያ የመሃል ጣትን ይቆርጣሉ።

ነሐሴ 28

ዛሬ ልብ የሚጠይቀው ክፍል ነው፤ ቢላዋውን ሆን ብሎ ማደነዝ። ስለቱን ሰሌዳው ላይ ቀጥ አድርጌ አቁሜ፣ እንጨት እንደሚሰነጥቅ መጋዝ ወደፊትና ወደኋላ እየሳብኩ ከአንገቱ ቀጥሎ ያለው ጉድጓድ እስኪጠፋ ሞረድኩት። ሌላ መንገድ የለም። ጉድጓዱን መሙላት አይቻልም፣ የሚቻለው ዙሪያውን ወደ እሱ ማውረድ ነው። በየመሃሉ መክተፊያው ላይ እያቆምኩ ብርሃን አየሁ። ብርሃኑ ሲዘጋ አቆምኩ። ቁመቱ አሁን 43.2።

እህቴ ስታልፍ አየችው። «አሁን ደግሞ ማንኪያ አደረግከው?» አለችና ሄደች።

እዚህ ላይ አንድ ሒሳብ መታሰብ አለበት። የቢላዋ ገጽ ከጀርባ ወደ ስለት እየሳሳ የሚወርድ ሽብልቅ ነው። የእኔው በ44 ሚሊ ሜትር ውስጥ ከ2.4 ወደ 0.4 ይወርዳል፤ ስለዚህ ቁመቱ 1 ሚሊ ሜትር ባጠረ ቁጥር ስለቱ 0.045 ያህል ወፍራም ቦታ ላይ ይቀመጣል። በጠቅላላው 1.8 ስለጠፋ 0.08 ጨምሯል። ቁጥሩ ኢምንት ይመስላል። ካሮት ላይ ግን ይሰማል፤ ስለቱ ገብቶ ጎኑ ይገፋል፣ ካሮቱም ከመቆረጥ ይልቅ ይሰነጠቃል። ስለት ብቻውን ቢላዋ አያደርግም የሚያሰኘው ይህ ነው፣ የፋብሪካው ካርድም ስለዚህ አንዲት ቃል የለውም።

ጳጉሜን 1

ጎኖቹን አሳሳሁ። ቢላዋውን ቁጥር 220 ድንጋይ ላይ ሊተኛ ጥቂት እስኪቀረው ዝቅ አድርጎ ከስለቱ በላይ ያለውን ገጽ መሞረድ ነው። የፋብሪካው ጭረት ጠፋ፣ በምትኩ የእኔ ጭረት መጣ። መልኩ ከፋ፤ ለመልኩ አልጨነቅም። ውፍረቱ 0.4 ላይ ተመለሰ።

ድንጋዩ ራሱ መሃሉ ስለጎደጎደ በአልማዝ ሰሌዳው አስተካከልኩት። በጎደጎደ ድንጋይ ቀጥ ያለ ስለት አይወጣም።

ጳጉሜን 2

ስለት ማውጣት። ለሁለቱም ጎን 17 ዲግሪ መረጥኩ። 43 ሚሊ ሜትር ቁመት ላለው ቢላዋ ይህ ማለት ጀርባውን ከድንጋዩ 12 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ማንሣት ነው፤ በዚያው ልክ ጠርቤ እንጨት አዘጋጀሁና መነሻው ላይ እያስደገፍኩ እጄን አለማመድኩ።

ጠርዙን በሁለቱም ጎን በማርከር ቀባሁ። ከጥቂት ምት በኋላ ቀለሙ የት እንደለቀቀ ይታያል። ከላይ ብቻ ከለቀቀ ጀርባው ዝቅ ብሏል፣ ከጠርዙ ብቻ ከለቀቀ ጀርባው ከፍ ብሏል። ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም።

በቁጥር 400 ድንጋይ በቀኝ በኩል ብቻ ሠራሁ፣ ክሩ በግራ በኩል ከአንገት እስከ ጫፍ እስኪዳሰስ። ከዚያ ገልብጬ እንዲሁ። በ1000 ደገምኩ፤ ግፊቱን እየቀነስኩ፣ ጎን እየቀያየርኩ። መጨረሻ ላይ በ3000 የቢላዋው ክብደት ብቻ እስኪቀር ድረስ እጄን አቀለልኩ። ፋብሪካው የዘለለው ይህንን ነው። ክሩ በጉልበት አይወገድም፤ ስለቱን ወደፊት እያስቀደሙ፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ጎን፣ በጣም በቀላል እጅ ሲነኩት ተቆርጦ ይቀራል። ቀጥሎ አረንጓዴው የክሮሚየም ኦክሳይድ ቅባት በተቀባ ቆዳ ላይ ስለቱን ወደኋላ እየጎተቱ ጥቂት ማስኬድ። ጥጡን እንደገና ጎተትኩ፤ የትም አልተያዘም።

ሌዘሩ በቀኝ 17፣ በግራ 18 አለ። ለእጅ ሥራ በቂ ነው።

መስከረም 1

የዓመት መባቻ ሽንኩርት ከጠዋቱ ተከተፈ። ከቁራሽ ጋር የተያያዘ ቁራሽ አልነበረም። እህቴ ምንም አላለችም፤ የራሷን ቢላዋ ከመሳቢያ አለማውጣቷን ግን አይቻለሁ። ከዶሮው በኋላ ቲማቲም አቀረብኩለት፤ ልጣጩን ያለ ግፊት ገባበት።

ከሰዓት በኋላ ለቋንጣ ሥጋ ዘለዘልኩ። ይህ ከወረቀትም ከቲማቲምም የበለጠ ፈተና ነው። ሥጋውን ከዳር ሳይበጥሱ እያገላበጡ ወደ አንድ ረጅም ጥብጣብ መዘርጋት የሚቻለው ስለቱ ከአንገት እስከ ጫፍ በአንድ ሳብታ ሲሄድ ነው። ጉድጓድ ያለበት ስለት በየመዞሪያው ያኝካል፣ ጥብጣቡ አንድ ቦታ ይወፍራል ሌላ ቦታ ይቀደዳል፤ ወፍራሙም ሳይደርቅ ይሸታል። የዛሬው እኩል ወጣ፣ ገመድ ላይም ተሰቀለ።

መስከረም 9

ስለቱ አሁንም ቆሟል፤ የብረት ዘንጉን በየቀኑ ቀለል አድርጌ አስነካዋለሁ፣ ድንጋይ አልፈለገም። የፋብሪካው ስለት በአንድ የሽንኩርት ክትፎ አልቆ ነበር። ልዩነቱ ከክሩ ብቻ ይሁን ወይም የላይኛው ብረት በግለት ለስልሶ ከነበረ፣ ሁለቱንም ስላስወገድኩ መለየት አይቻልም።

ከአምራቹ የእርካታ መጠይቅ በኢሜይል መጣ፤ ከ1 እስከ 5 ምልክት አድርግ ይላል። ለመላጫዋ 5፣ ለአጥንት መለያው 4፣ ለትልቁ 1 ሰጠሁና አስተያየት በሚለው ሣጥን ውስጥ ልኮቹን በሙሉ ጻፍኩ። ማታ መልስ መጣ፤ ለሚቀጥለው ግዢ 15 ከመቶ ቅናሽ። አንገቱ ታች የማይደርስ ቢላዋ ካላቸው እጠቀምበታለሁ፤ ስለቱን ግን ለእነሱ አልልክም።

የቀረው ጫፉ ነው። ከስለቱ በኩል ቢሞረድ ሌላ ቁመት ይበላል፤ ስለዚህ ጀርባውን ወደ ታች እያጎበጡ ከስለቱ ጋር ማገናኘት ይሻላል። 4 ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት ይጠፋል። ሞርሳውን ጎረቤቴ ስለተዋሰኝ ከመስቀል በኋላ ይሆናል።